መጥረጊያ ያልነካው ሜዳ

ሰዓትን በመዳፉ የያዘ፣ ከአፍ የወጣውን ብቻ ሳይሆን በጉሮሮ ተሰንቅሮ የቀረውንም ቃል የሚሰማ እግዚአብሔር፣ የዚያችን እሑድ ፍጻሜ ጎሕ ሳይቀድ ያውቀው ነበር። ኤሊሴዎ ግን የሚያውቀው የውኃውን መፍላት ብቻ ነው። ከቅርጫት ኳስ ሜዳው መድረክ በስተጀርባ፣ በኮምፔንሳቶ በተከለለች ጠባብ ማብሰያ ውስጥ ቆሞ፣ ሬሳ ሲጠብቁ ላደሩት ጎረቤቶች የፓኬት ቡና ሊበጠብጥ ፔርሙሱን ይሞላ ነበር። ከግድግዳው ማዶ የቀበሌው ሹም የካፒታን ኔሜስዮ ድምፅ ተሰማው፤ ለስለስ ያለ፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናና ድምፅ። የሚያነጋግሩት ሰፈሩ ሁሉ ናናይ፣ ማለትም እናቴ፣ የሚላቸውን አማቱን ናናይ ኦሪንግን ነበር።

«ናናይ፣ አይጨነቁ፤ ነገሩ ያለቀ ነው» ይላሉ ካፒታን። «አማችዎ ትናንት ተስማምቷል። ሣጥኑን ወደ ጥግ እናስጠጋዋለን፤ ከፊቱ ሸራ እንጋርዳለን። ከንቲባው መጥተው ጨዋታውን አይተው፣ ዋንጫውን ሰጥተው ሲሄዱ ወደ ቦታው እንመልሰዋለን። ቢበዛ ሦስት ሰዓት ነው።»

ፔርሙሱ ሞልቶ የፈላው ውኃ ጣቶቹን እስኪልጠው ድረስ ኤሊሴዎ ልብ አላለውም። «እሱ እሺ ካለማ» አሉ ናናይ ኦሪንግ በመጨረሻ፣ «እኔ ምን እላለሁ።» ቀጥሎ የተሰማው መቅረዞች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ነበር፤ አሮጊቷ ከአሁኑ እየሰበሰቧቸው ነው።

በሣጥኑ ውስጥ የተኙት ሰፈሩ ታታይ፣ ማለትም አባቴ፣ የሚላቸው ታታይ ፒሎ ናቸው፤ የናናይ ኦሪንግ ባል፣ የኤሊሴዎ የሚስቱ አባት፣ ከሁሉ አስቀድሞ ግን አሠልጣኙ። አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ቆርቆሮ በለበሰ ሜዳ የሳንታ ሉትጋርዳን ቀበሌ ልጆች ኳስ ሲያስተምሩ ኖረዋል። በሞቱ ጊዜ ሬሳቸው በዚሁ ሜዳ፣ በመድረኩ በኩል ባለው ቅርጫት ሥር ቢያርፍ ማንም አልተደነቀም፤ የሰፈሩ ሰው ቤቱ እግር ለመዘርጋት እንኳ ስለማይበቃ ሲድርም ሲቀብርም የሚሰበሰበው በዚያው ነው። ቀብሩ ለረቡዕ ተቆርጦ ነበር። ነገር ግን የአንድ ልጃቸው የሉዝ አሠሪዎች በጅዳ ፓስፖርቷን ሊመልሱላት ዛሬ ነገ ሲሉ ሰነበቱ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ሳይደርስ አባትን አፈር ማልበስ አይታሰብም። ስለዚህ ባለመስተዋቱ ነጭ ሣጥን አምስት ቀን ሊቆይ የመጣው ዘጠኝ ቀን ሆነው። ሉዝ ሰኞ ረፋድ ላይ ትገባለች። ከሁለት ወር በፊት ቀን የተቆረጠለት የፍጻሜ ጨዋታ ግን እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ሉዝ የኤሊሴዎ ሚስት ናት፤ ለፍጻሜው የደረሰውም የኤሊሴዎ ቡድን ነው።

ተስማምቶ አልነበረም። ይህን ለራሱ ደጋግሞ ነገረው። ትናንት አመሻሹ ላይ ካፒታን በሩ ዘንድ ትከሻውን ይዘው ነገሩን ባቀረቡለት ጊዜ ከአፉ የወጣው ቃል «እርስዎ እንዳሉ» የሚል ብቻ ነበር። ይህ ቃል በሰፈራችን የማይገባበት ቤት የለም። ምን ትበላለህ ሲባል ይባላል፤ ልጁን ማን ክርስትና ያንሣው ሲባል ይባላል፤ የተናገረው ሰው ትሑት ይባልበታል፣ የጠየቀውም የፈለገውን ይዞበት ይሄዳል። ኤሊሴዎ ግን ራሱን የሚያታልል ሰው አልነበረምና፣ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ በልቡ ውስጥ አንዲት ቀጭን ደስታ ብልጭ ብላ እንደጠፋች አልረሳም። ሌላ ሰው ወስኖለት ነበርና። ከከንቲባው ጋር በአንድ መኪና የአንድ ኮሌጅ የስፖርት ኃላፊ ይመጣሉ፤ ረዳት አሠልጣኝ ይፈልጋሉ፤ «ቡድንህ ሲጫወት ልየውና እንነጋገር» ብለውታል። ደመወዙ በወር ሃያ ሁለት ሺህ ፔሶ ነው። ኤሊሴዎ ሥራውን ካገኘ ሉዝ አባቷን ቀብራ ወደ ጅዳ አትመለስም፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ። ይህን በራሱ አፍ ቃል ገብቶላታል። ጨዋታው በሰዓቱ ካልተደረገ፣ አስተናጋጁ የእሱ ቡድን ነውና በፎርፌ ሃያ ለዜሮ ይሸነፋል። ይራዘም እንዳይባል ደግሞ ሁለት ሜትር የሚሞላው አጥቂው ጄሪክ ነገ ማለዳ በዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ መርከበኛ ሆኖ ይሳፈራል፤ የኮሌጁ ሰውም ዳግመኛ አይመጡም። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላውን ሰው ማን ሁለት ጊዜ ሊያይ ይመጣል?

ፔርሙሱን ይዞ ወደ አማቱ መውጣት፣ አጠገባቸው ተንበርክኮም አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃው ነበር። እሱ ግን ፔርሙሱን በጠርዙ ላይ አስቀምጦ በጓሮ በር ወጣ። ሌላ ሜዳ ካገኘሁ፣ አለ በልቡ፣ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገኝም።

አሥራ ሦስት ፔሶ ከፍሎ በጂፕኒው፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ በሚሳፈርበት ረጅም ታክሲ፣ የኋላ ጫፍ ተቀመጠ፤ ተቀመጠ ቢባልም ጉልበቱ አንድ አፍታ አላረፈም። ያ ግራ ጉልበቱ በሠላሳ አንድ ዓመቱ በታላቁ ሊግ ሜዳ ላይ፣ ስድስት ሺህ ሰው እያየው፣ እንደ ደረቅ ቀርከሃ ተሰንጥቋል። ከዚያ በፊት ስድስት የውድድር ዘመን ተጫውቶ ነበር፤ ሥራው የሌላውን ቡድን ኮከብ እንደ ጥላ መከተል ስለነበር ፎቶግራፎቹ ሁሉ የሌላ ሰው ጀርባ ያለባቸው ናቸው። ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰ፣ ሦስቱንም ተሸነፈ። አሠልጣኝ ከሆነ በኋላም የያዘው የኩባንያ ቡድን ሁለተኛ ወጣ፤ በዓመቱ ኩባንያው ቡድኑን በተነው። ከዚያ ወዲያ የመንጃ ፈቃድ አውጥቶ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ እየነዳ ማታ ማታ የቀበሌውን ልጆች ያሠለጥን ጀመር። ሹፌሩ በመስተዋቱ አይቶ አወቀው። «ኮች ሁለተኛ» አለ ያለ ክፋት፣ ሰው የጎረቤቱን ስም እንደሚጠራ። «ዛሬስ?»

«ዛሬስ እግዜር ያውቃል።»

«እግዜርማ ያውቃል፤ እኔ መቶ ፔሶ አስይዤ ነው የምጠይቅህ።» ተሳፋሪዎቹ ሳቁ፤ ኤሊሴዎም አብሮ ሳቀ።

የጎረቤት ቀበሌው ሜዳ በውሾች ተሞልቶ ነበር። የእብድ ውሻ ክትባት ቀን ነው፤ ከቅርጫት እስከ ቅርጫት ሰውና ውሻ በሰልፍ ቆሟል፤ አንዲት ነጭ ጋዎን የለበሰች ልጅ በመሐል ሜዳው ክብ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግታ መርፌ ትወጋለች። የሜዳው ኃላፊ በክንዱ ቡችላ አቅፎ፣ «እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አይለቀቅም» አለው። «ኳሱን እንዲነክሱት ካልፈለግህ ነገ ና።» ነገ አይሆንም ብሎ ሊያስረዳ ጀመረና ተወው። ከዚያ ሁለት ጂፕኒ ቀይሮ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሄደ፤ ጂምናዚየሙ ባዶ ነበር፣ በብረት በሩ ፍርግርግ በኩል የተወለወለው የእንጨት ወለል እንደ ቅባት ሲያብለጨልጭ ይታያል። ዘበኛው ግን ወንበሩን ሳይለቅ ሦስት ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ጠየቀው። «እሑድ ቀን ማን ይፈርማል?» ቢለው፣ «እሱማ እሑድ የሚፈርም የለም» አለ ዘበኛው፣ ነገሩ እሱንም የሚያሳዝነው መስሎ። ኤሊሴዎ በፍርግርጉ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ጥቂት ቆየ። ፀሐዩ ከአናት ላይ ነበር።

ስልኩ የጠራው ወደ ገበያው በሚወስደው ድልድይ ላይ ሳለ ነው። ሉዝ ነበረች፤ ፊቷ በስልኩ መስተዋት ውስጥ ከነሻሿ ብቅ አለ፣ ከኋላዋ በግማሽ የታሰረ ሻንጣ ይታያል። እንደ ልማዱ እየተራመደ ያናግራት ጀመር።

«ኤሊ፣ እባክህ ቁጭ በል» አለችው። «ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ጀልባ ላይ ያለሁ ነው የሚመስለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አፍንጫህንና ሰማይ እያየሁ ኖርኩ።»

«መንገድ ላይ ነኝ፤ የት ልቀመጥ?»

«አባቴስ? አሳየኝ እስቲ።»

«ለእንግዶቹ መጠጥ በረዶ ልገዛ ወጥቻለሁ» አለ ኤሊሴዎ። ውሸቱ ከአፉ የወጣው እንደ እውነት ቀልሎ ነው።

ሉዝ አልጠረጠረችም። ለእመቤቲቱ ምናልባት አልመለስም ብዬ ነገርኳት አለች፤ ሴትዮዋ ፊቷን አጥቁራ ከክፍሉ ወጣች፤ «ኃጢአት ይሁን ጽድቅ አላውቅም እንጂ ደስ አለኝ።» ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። በባልና ሚስት መካከል ያለ ዝምታ ዐይነቱ ብዙ ነው፤ ይኸኛው አንዱ በተስፋ ሌላው በፍርሃት የሞላው ነበር። «ኃላፊው ሲመጡ ያን ሰማያዊ ሸሚዝ ልበስ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ኤሊሴዎ ሸሚዙን ማለዳ ተኩሶ በሜዳው ማብሰያ ምስማር ላይ ሰቅሎት ነበር።

የመጨረሻ ተስፋው ካሎይ ነው፤ የተጋጣሚው ቡድን አሠልጣኝ፣ የልጅነት ባላንጣው፣ በገበያው ጫፍ ባለ አንድ ወንበር የጸጉር ቤት ባለቤት። ጸጉር መቆረጫ ሰማንያ ፔሶ፣ ጢም ተጨምሮ መቶ የሚል ጽሑፍ በመስተዋቱ ላይ ተለጥፏል። ካሎይ የአንድ ዓሣ ነጋዴ አገጭ በሳሙና አረፋ ሸፍኖ ምላጭ ይዞ ቆሞ ነበር። ኤሊሴዎ ከጠዋት ጀምሮ የዞረበትን ነግሮት ሁለት ቀን ይራዘም ብሎ ጠየቀው፤ ጄሪክን እንደሚያጣ እያወቀ ጠየቀው፤ የኮሌጁን ሰው እንደሚያጣ እያወቀ ጠየቀው፤ ምናልባትም እንቢ እንዲለው ፈልጎ ጠየቀው።

«እኔ ምን ገዶኝ» አለ ካሎይ። «ያ ግንድህ መርከብ ላይ ከወጣ በኋላ በአንድ እጄ ጸጉር እየቆረጥኩ አሸንፍሃለሁ። ሁለተኛነትህንም ማንም አይነጥቅህም።» ዓሣ ነጋዴው ከአረፋው ውስጥ ሳቀ። ካሎይ ምላጩን በፎጣው ላይ ጠረገና በመስተዋቱ ውስጥ ኤሊሴዎን አየው። «ናናይ ኦሪንግስ ምን አሉ?»

ኤሊሴዎ ዓይኑን ከመስተዋቱ ወደ ዋጋው ጽሑፍ አሸሸ።

«አልጠየቅካቸውም?» የካሎይ እጅ ቆመ። «ሰውዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ውሻውንም ዘበኛውንም ጠይቀሃል። ታታይ ፒሎ እኔንም ነው ያሠለጠኑኝ፤ ለእኔም አባት ነበሩ። ሂድና ጠይቅ። እኔ አሥር ሰዓት ላይ ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ፤ ለጨዋታም ይሁን ለመቁጠሪያ ጸሎት።»

ከጸጉር ቤቱ እስከ ሜዳው ያለውን መንገድ በእግሩ ሄደ፤ ጂፕኒ መጠበቅ አልሆነለትም። ሲደርስ ለአሥር ሰዓት ሃምሳ ደቂቃ ይቀር ነበር። በመድረኩ በኩል ሸራው ተዘርግቷል፤ በላዩ የታተመው ሦስት ክንድ የሚሆን የከንቲባው ፊት ጥርሱን ገልጦ ይስቃል፤ ከፈገግታው ኋላ ደግሞ የነጩ ሣጥን አንድ ጠርዝ ብቻ ይታያል፣ አንድ ሰው ቸኩሎ ከአልጋ ሥር እንደ ደበቀው ዕቃ። ወንበሮቹ ተነሥተው በግድግዳው ሥር ተነባብረዋል። የዘጠኝ ቀን የሻማ ጠብታ፣ የኦቾሎኒ ልጣጭና የአበባ ቅጠል በሲሚንቶው ላይ እንደ ተበተነ ነው፤ እኛ ዘንድ ሬሳ ባረፈበት ቦታ አይጠረግምና። የሚጠርግ ሰው ከሟቹ ቀጥሎ ሌላ የቤተ ሰብ ነፍስ ጠርጎ ያወጣል ይባላል፤ ቄሶቻችን ቢገሥጹም እናቶቻችን አልተዉትም። አሁን ግን ሁለት የቀበሌው ሠራተኞች ረጃጅም የዘንባባ መጥረጊያ ይዘው በመሐል ሜዳው መስመር ላይ ቆመዋል። ከፊታቸው ናናይ ኦሪንግ አሉ። እጆቻቸውን በጥቁር ቀሚሳቸው ላይ አጣምረው ቆመዋል። ሰዎቹም በእሳቸው በኩል ሊያልፉ አልደፈሩም፣ መጥረጊያቸውንም አላኖሩም።

«ናናይ፣ ወለሉ እንዲህ ሆኖ ልጆቹ ይሰበራሉ» ይላሉ ካፒታን ኔሜስዮ ከጎን። ኤሊሴዎን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ይኸው መጣ። ንገራቸው እንጂ፣ ኮች።»

ኤሊሴዎ በሻማ ጠብታው ላይ እየረገጠ ሄዶ ከአማቱ ፊት ቆመ። ያን ጊዜ ያስተዋለው አንድ ነገር ነበር፤ አሮጊቷ ዓይናቸውን ያሳረፉት በመጥረጊያዎቹ ላይ አልነበረም፤ እሱ ከሚመጣበት በር ላይ ነበር። ስንት ሰዓት እንዲህ እንደቆዩ አላወቀም። ተንበርክኮ ቀኝ እጃቸውን ወስዶ ግንባሩ ላይ አደረገ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ልጅ ለእናቱ እንደሚያደርገው።

«ናናይ» አለ፣ «ትናንት ካፒታንን ‹እርስዎ እንዳሉ› አልኳቸው። ለእርስዎ ግን ምንም አላልኩም። ምን እናድርግ?»

ናናይ ኦሪንግ እጃቸውን አልነጠቁትም። «ዘጠኝ ቀን ወንበር ስትሸከም ሰነበትክ» አሉ። «ከማንም በላይ ሠራህ፤ አልጠየቅከኝም እንጂ። ያልጠየቀኝ አንተ ብቻ አይደለህም፤ የጠበቅኩት ግን አንተን ነበር።» «ሰውየው ከእኔ ፊት ይልቅ ይህን ቅርጫት እያየ ነው የኖረው። እኔ ኳሱን አልጠላሁበትም፣ ዛሬ ደግሞ ልከለክለው? ይጫወቱ። ከሸራ ኋላ ግን አይደበቅም፤ ሰርቆ አልሞተም። መጥረጊያም አይግባ፤ ልጄ መንገደኛ ናት።»

ካፒታን ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከንቲባው በሩብ ሰዓት ውስጥ እንደሚደርሱ፣ ምርጫው ሦስት ወር እንደቀረው፣ ከሬሳ ሣጥን ጋር ፎቶግራፍ የሚነሣ ከንቲባ በዓለም ላይ እንደሌለ በዝግታ አስረዱ። የኮሌጁ ሰውም በዚያው መኪና ውስጥ እንዳሉ ሳይረሱ ጨመሩ፤ ይህን ያሉት ለክፋት አልነበረም፣ ኤሊሴዎን ይወዱታልና። «አስብበት፣ ልጄ» አሉ።

ኤሊሴዎ አሰበበት። በምስማር ላይ ያለውን ሰማያዊ ሸሚዝ አሰበ፤ በግማሽ የታሰረውን ሻንጣ አሰበ። «ካፒታን» አለ፣ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት፣ «‹እርስዎ እንዳሉ› ያልኩትን ቃል መልሼ ወስጃለሁ። እንደ ናናይ ነው የሚሆነው።»

ሸራውን ያወረደው ጄሪክ ነው፤ መሰላል አላስፈለገውም። ስድስት ተጫዋቾች ሣጥኑን ከነመደቡ አንሥተው፣ አንዲት ጠርዝ እንኳ ግድግዳ ሳይነካባቸው፣ ወደ አሠልጣኞች ወንበር ረድፍ አመጡት፤ መስተዋቱን ወደ ሜዳው አዞሩት። ኳስ እንዳይመታው ሁለት ተቀያሪዎች ከፊቱ እንዲቀመጡ ተወሰነ። ወለሉን ማን ያጽዳ የሚል ጥያቄ ግን ቀረ። ኤሊሴዎ ከማብሰያው አንድ ባልዲ ውኃና የሰበሰበውን ጨርቅ ሁሉ አምጥቶ በጉልበቱ ወረደ፤ በዚያ በተሰነጠቀው ጉልበቱ። ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ ወደ ሣጥኑ አቅጣጫ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውል ጀመር። ጄሪክ አየውና ተንበረከከ፤ ከዚያ ሌሎቹ። የካሎይ ልጆች በቀይ ማሊያቸው ሲገቡ ያገኙት ዐሥር ሰው በአራት እግሩ ሲድህ ነው። ካሎይ በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት ተመለከተና፣ «ምን ትገተራላችሁ፣ ጨርቅ ያዙ» አለ። የወለሉ ቆሻሻ ሁሉ በአንድ ካርቶን ተሰብስቦ ከሣጥኑ ሥር ተቀመጠ፤ ከቀብር በኋላ ይወጣል።

ካፒታን በስልክ ሲነጋገሩ ጀርባቸው ብቻ ይታይ ነበር። የከንቲባው ነጭ መኪና በመንገዱ ጫፍ ብቅ ብሎ ቆመ፤ መስኮቱ አልወረደም፤ ጥቂት ቆይቶ ወደ ኋላ ዞረና ሄደ፣ ከነኮሌጁ ሰው፣ ከነዋንጫው። ኤሊሴዎ በባልዲው ውስጥ ጨርቅ እየጨመቀ አየው። እጁ ሳያቆም ጨመቀ። ካፒታን መጥተው ከናናይ ኦሪንግ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «እኔም እኮ» አሉ ለማንም ሳይሆን፣ «ለከንቲባው ያልኳቸው ‹እርስዎ እንዳሉ› ነበር።»

ጨዋታው በአሥር ሰዓት ከሩብ ተጀመረ። ናናይ ኦሪንግ የኤሊሴዎን ስልክ በሣጥኑ መስተዋት ላይ አቁመው ሉዝን በጅዳ አገኟት፤ አባቷንም ሜዳውንም ታያለች። ለሟቹ ክብር ሲባል ተመልካቹ አልጮኸም፤ የጫማ መፋቅና የኳስ ድምፅ ብቻ ከቆርቆሮው ጣራ እየነጠረ ይመለስ ነበር። ኤሊሴዎ በመስመሩ ዳር ይመላለሳል። በአሠልጣኝነት ዘመኑ ሁሉ አንድ ጨዋታ እንኳ ተቀምጦ አይቶ አያውቅም፤ ታታይ ፒሎ በሕይወት ሳሉ «ልጄ፣ ወንበሩ አይነክስህም። ስትንቆራጠጥ ያዩህ ልጆች እሳት የተነሣ ይመስላቸዋል» ይሉት ነበር፤ እሱም እሺ ብሎ ይንቆራጠጥ ነበር። አሁንም ይሄዳል ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥር ፊቱ ወደ መስተዋቱ ይዞራል። በሦስተኛው ሩብ አንድ ኳስ አምልጦ በቀጥታ ወደ ሣጥኑ በረረ፤ ከተቀያሪዎቹ አንዱ ዘልሎ በደረቱ ተቀበለው፤ ሜዳው ሁሉ እንደ አንድ ሰው ተነፈሰ። በአራተኛው ሩብ ካሎይ በሦስት ነጥብ መራ፤ ቆየና ጄሪክ አስተካከለው፤ ካሎይ በአንድ ቀደመ። አርባ ሁለት ሰከንድ ሲቀር ኤሊሴዎ እረፍት ጠየቀ። ዐሥር ላብ ያጠመቃቸው ዓይኖች ወደ እሱ ተመለከቱ፤ የሚለው ነገር እንደሌለው ተረዳ። ማለዳ የጀመረው መንገድ ሁሉ፣ ጂፕኒው፣ ፍርግርጉ፣ ድልድዩ፣ እዚህ ደርሶ አልቋል። «የምታውቁትን አድርጉ» አላቸው።

ከዚያ ከሣጥኑ አጠገብ ባዶ ወደነበረችው የፕላስቲክ ወንበር ሄዶ ተቀመጠ።

ልጆቹ አዩት። ጄሪክ ኳሱን ይዞ አንድ አፍታ ቆመ፤ ኮች ተቀምጧል፣ እንግዲህ የሚያስቸኩል ነገር የለም ማለት ነው። ዙሪያውን ተመለከተ፣ አንዱን አታለለ፣ ሌላውን አስዘለለ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኳሱን ከፍ አድርጎ ለቀቀው። ስልሳ ስምንት ለስልሳ ሰባት። ኤሊሴዎ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ ወጣ፤ የሚነሣ ዋንጫ ግን አልነበረም። ካሎይ መጥቶ ጨበጠው። «እንግዲህ ሌላ ስም ልንፈልግልህ ነው» ብሎ ከመስተዋቱ ፊት አማተበና ልጆቹን ለጸሎት አስቀመጠ።

ኤሊሴዎ ስልኩን ከመስተዋቱ ላይ አነሣ። ሉዝ እያለቀሰች ነበር፣ እየሳቀችም ነበር።

«ሉዝ፣ የኮሌጁ ሰው አልመጡም» አላት። «መጥተው ተመለሱ። እኔ ነኝ ያስመለስኳቸው። ጠዋትም በረዶ ልገዛ አልወጣሁም።» አንድም ሳያስቀር ነገራት፤ «እርስዎ እንዳሉ» ካለበት አንሥቶ እስከ ባልዲው ድረስ።

ሉዝ ዕንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። በስተኋላዋ ያለው ሻንጣ አሁን ተቆልፏል። የምትለውን ሁሉ ሊቀበል ወስኖ ይጠብቃት ነበር፤ ተነሥቶ ሊራመድ ግን እግሩ አልፈለገም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በመካከላቸው ያለው ምስል ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ስለ እሱ ነገ ስመጣ እንጣላለን» አለች በመጨረሻ። «አሁን ስልኩን እንዳታንቀሳቅሰው። ትንሽ አርቀው። እንደዚሁ ቁጭ በል፤ ሁለታችሁንም ልያችሁ።»

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ መንገደኛችሁን በሰላም ያግባላችሁ፤ ሽማግሌዎቻችሁን ከጓዳ ሳይሆን ከፊት ያኑርላችሁ፤ በቤታችሁ ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ሳይጠየቅ ፀሐይ አይጥለቅባችሁ፤ ለደከመው እግራችሁም የማይነክስ ወንበር አይንሣችሁ። አሜን።